አምስት ጣት የረዘመ አውሮፕላን

ውድ ቶለራ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር አለፈ። ቀን መቁጠር ትቻለሁ ብዬ ለሰው እናገራለሁ፤ ውሸቴን ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው። ነቀምቴ ከጧት ጀምሮ እየዘነበባት ነው። እኔ ሥራ ቤትህ ገብቼ፣ በጠረጴዛህ ላይ ወረቀት ዘርግቼ እጽፍልሃለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ጫልቱ ጊምቢ ሥራ አግኝታ ሄዳለች። ፊደሏ እንደ አንተ ፊደል ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ደብዳቤዋ ሲደርሰኝ ከማን እንደመጣ ሳልጠይቅ ልቤ ይመታል፣ ቀጥሎ አስታውሳለሁ። ጣራው በምሥራቅ በኩል ያፈሳል። ወንበር ያዘዙህ ሰዎች እንጨታቸውን መልሰው ወሰዱ፤ እየተሳቀቁ ነው የወሰዱት። ፍቅፋቂውን ጠርጌ ልጥል ሁለት ጊዜ መጥረጊያ አነሣሁ። አሁንም መሬቱ ላይ ነው።

አውሮፕላኑ አጠገቤ ነው።

ገላው ዋንዛ፣ የክንፉ አጥንት ቀርከሃ፣ ቆዳው የላምባ ቆርቆሮ። መስኮቶቹን የቆረጥካቸው ከተጣለ የራጅ ፊልም ነው፤ የማናውቀው ሰው የጎድን አጥንት ከላዩ እስኪጠፋ ድረስ በአመድ አሸኸው። በየሞተሩ ዙሪያ የደረደርካቸውን ትንንሽ ችንካሮች በእኔ ጥቁር ክር ጠቀለልካቸው። ክሬ ወዴት ሄደ ስልህ ድመቷን ከሰስክ። የሚስማር ራስ እንዲመስል ቆርቆሮውን ከጀርባው በመርፌ እየወጋህ ስንት እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ እዚህ ተቀመጥክ። ከበሬ ቀንድ ከቀረጽካቸው ፕሮፔለሮች ሁለቱ ተገጥመዋል። ሦስተኛው በግማሹ ቀርቷል። አልነካሁትም።

ለምን ትሠራዋለህ ብዬህ ነበር። ያን ጊዜ እሱ ከላይ ሆኖ አይቶናል፣ አሁን ደግሞ እኛ ከላይ ሆነን እንየው አልከኝ።

ያን ጊዜ። ጣልያን አገሩን የያዘ ሰሞን፣ ባለ ሦስት ሞተሩ አውሮፕላን ጉቴ አጠገብ ሜዳ ላይ እግሩ ተሰብሮ በሆዱ ተኛ። ነጮቹን ሌላ አውሮፕላን መጥቶ ወሰዳቸው። አገሩ ሁሉ ሊያየው ወጣ፤ እኔም ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወጣሁ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ሰዉ ከሆዱ ሥር ቆርቆሮ እየገነጠለ ሲወስድ፣ አንተ፣ የማላውቅህ ረጅም የአናጢ ረዳት፣ ክንፉ ላይ ወጥተህ ትጮሃለህ። ነገ አይኖርም፣ ልኩን እንያዝ ትላለህ። ማንም አልሰማህም። ቀና ብዬ ሳይህ ዓይንህ እኔ ላይ ወደቀ።

«አንቺ፣ ክንድሽን አውሺኝ!»

በሕይወቴ የሰማሁት የመጀመሪያው የወንድ ቃል ይህ ነው ብል አልዋሸሁም። ከዚያ በፊት የሰማሁት ሁሉ ትእዛዝ ነበር። አንተ በደረትህ እየተሳብክ ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በክንድህ ለካህ፤ እኔ መሬት ላይ ሆኜ ገላውን ከአፍንጫው እስከ ጭራው በክንዴ ለካሁ። ሴቶቹ ይስቁብኛል። ስጨርስ ሠላሳ ሰባት ብዬ ጮኽኩ። አንተ በኦሮምኛ አፉርታሚ አፉር አልክ፣ አርባ አራት። ሁለቱን ቁጥሮች ሃያ ዓመት ሙሉ በቃልህ ያዝካቸው። ስትሠራውም አንዱን ክንድ በአንድ ጣት ሠራኸው።

አንድ ነገር ልክ አልመጣ አለህ። አንሥተህ ታየዋለህ፣ ታስቀምጠዋለህ፣ ከበሩ ቆመህ ታየዋለህ። ጎረቤታችን ዲንሳ ገብቶ «ኦቦ ቶለራ፣ ይሄ አውሮፕላን ነው ወይስ አዞ?» ሲልህ አብረኸው ሳቅህ። እሱ ሲወጣ ግን ክንፉን ነቀልከው። እንደገና ሠራኸው፣ በዚያው በአርባ አራት። እንደገና ነቀልከው። ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ «እጄ ነው» አልክ። «እጄ ከዳኝ።» ከዚያ ወዲህ የወንበር እግር ሁለት ጊዜ ትለካ ጀመር። ታመህ ከመተኛትህ በፊት ደግሞ ሦስት ጊዜ። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ከዚያ ወንበር ላይ እሰፋ ነበር። እሰፋ ነበር፣ ቶለራ።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤቱ አንድ መምህር መጣ። የፊታችን ቅዳሜ ለወላጆች በዓል አውሮፕላኑን ለማሳየት ይፈልጋሉ። የዚህኑ አውሮፕላን ሥዕልና ልኩን በሜትር የያዘ መጽሐፍ አለው። ማስመሪያውን አውጥቶ ብዙ አሰበና፣ «እትዬ ዘነቡ፣ ክንፉ እንከን የለውም፤ ገላው ግን አምስት ጣት ይረዝማል» አለኝ። ገላውን ከአውሮፕላኑ በር በስተኋላ በመጋዝ ቆርጦ መልሶ ሊያጣብቀው አሰበ። ማንም አያውቅም አለኝ። እሺ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ልክ እንዲሆን አልነበር የተመኘኸው? እስከ ሐሙስ ላስብበት አልኩት፤ ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ከዚያ ገበያ ወጣሁ። የዲንሳ ሚስት ቡርቄ አቡጀዴ ልትገዛ ዲንሳን አስከትላ መጥታለች። ነጋዴው አጭር ነው፣ ክንዱን ዘርግቶ ሊለካ ሲል ጨርቁን ቀማችው።

«በዚህ ክንድህ? ይሄማ የዶሮ ክንፍ ነው!»

«አዴ ኮ፣ እናቴ፣ እግዜር የሰጠኝ ነው። ረጅም ከፈለግሽ ዝንጀሮ አምጪያ!»

«ታዲያ ባሌን ያመጣሁት ለምን መሰለህ?»

ገበያተኛው ሳቀ፣ ዲንሳም እየሳቀ ረጅም ክንዱን ዘረጋ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን መሃል ላይ ቆመ። እጄን አየሁት። ጨርቅ ሲለካ የማን ክንድ ብለን የምንጣላ ሰዎች፣ አውሮፕላኑን ስንለካ የማን ክንድ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ቤት ሮጥኩ። የራስህን ክንድ ልክ የጫርክበት ይህ ጠረጴዛ ነው። ክርኔን ከጫፉ አድርጌ ዘረጋሁ፤ ጣቴ ከጭረትህ በብዙ ጎደለ። ዛሬ፣ ሙሉ ሴት ሆኜ። ያኔማ እንዴት ትንሽ ነበርኩ። ሠላሳ ሰባቱ የእኔ ነበር። በአንተ ክንድ ቢሆን አምስቱ ጎድሎ ሠላሳ ሁለት በሆነ ነበር። ክንፉን ሦስቴ አፈረስከው፣ ጥፋቱ ግን ገላው ላይ ነበር።

አሁን የምፈራው ይህን ነው። አውቀህ ነበር? አውቀህ ለእኔ ስትል ዝም ብለህ ከሆነ፣ መጋዝ አይነካውም። ካላወቅክ ግን፣ እጄ ከዳኝ እንዳልክ ነው የሄድከው፣ የከዳህ እጅም የእኔ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከጭረትህ ወዲህ ሌሎች ብዙ ጭረቶች አሉ። አንዱ ልክ ጣቴ ጫፍ ላይ ያርፋል። አንዱ፣ ከብዙዎቹ። የእኔን ክንድ ልክ የጫርክበት ይሆን? የመጋዝ ምልክትም ሊሆን ይችላል። አሥር ጊዜ ዳሰስኩት።

ዝናቡ አላቆመም። እዚህ ላይ ልተወው።

እሑድ ነው። ያልጨረስኩትን ልጨርስልህ።

መምህሩ ሐሙስ መጋዙን በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። እጄን አውሮፕላኑ ላይ አድርጌ አይቆረጥም አልኩት። «ስህተት እያለበት እናሳየው?» አለኝ። አዎ፣ ስህተቱ የባሌ አይደለም፣ የእኔ ነው አልኩ። የሐዘንተኛ ወሬ መስሎት አንገቱን ደፋ። ክንዴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ከክንዴ ጎን አኖረው፣ ልዩነቱን አየ። መጋዙን መልሶ ጠቀለለው።

ሦስተኛውን ፕሮፔለር እኔ ጨረስኩት። ጠማማ ነው። ጣቴንም ቆርጦኛል።

ትናንት በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ ከሥሩ ወረቀት አኖርን፤ «ክንፉን ቶለራ በክንዱ ለካ፤ ገላውን ዘነቡ በክንዷ ለካች» ይላል። አንድ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ አየና ጭራው ረዘመ፣ አናጢው ሳይቸኩል አልቀረም አለ። ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም፤ ታውቀኛለህ። አናጢው አልቸኮለም፣ ያ የእኔ ክንድ ነው አልኩት። ድምፄ ተሰማ።

ድምፅህ ከእኔ እየራቀ ነው። በመጀመሪያ የሚመጣልኝ ሳልህ ነው፣ ቃልህን ፈልጌ አመጣዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን አላገኘውም። ስለዚህ ሁሉን አስታውሳለሁ ብዬ አልምልልህም። አወቅክ አላወቅክ የሚለውንም ይዤው እኖራለሁ። ቃል የምገባልህ አንድ ነገር ነው፤ ይህ አውሮፕላን ባለበት ሁሉ፣ አናጢው ተሳሳተ የሚል ሰው ሲመጣ፣ እኔ እዚያ ካለሁ ዝም አልልም፤ እኔ ከሌለሁ ጫልቱ ትናገራለች፣ ነግሬያታለሁ።

እጅህ አልከዳህም፣ ቶለራ። ሦስቱንም ጊዜ ልክ ነበርክ።

ዘነቡ