ወንፈል ቀጣሪ የለውም

ለ«ትጋት» ብሔራዊ የሴት ሥራ ፈጣሪዎች ማኅበር
ለክብርት ፕሬዚዳንት
አዲስ አበባ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው የማኅበሩ ሠራተኞች ጤና እለምናለሁ፤ በተለይም ባለፈው ጥቅምት እስከ መንደራችን መጥተው የጉናን ብርድ በስስ ጃኬት የተቋቋሙትን ባለሙያዎች ሳሉ ለቋቸው እንደ ሆነ ብሰማ ደስ ይለኛል። እኛ በላይ ጋይንት፣ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን፣ ማኅበርዎ ድጋፍ እስካደረገልን ቀን ድረስ ደኅና ነበርን።

እኔ ዕድሜዬን በመምህርነት ጨርሼ በጡረታ የምኖር ሰው ነኝ። ነገርን ከሥሩ ጀምሮ በቅደም ተከተል ማስረዳት ልማዴ ስለ ሆነ፣ ቢረዝምብዎ እንዲታገሡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በመንደራችን ሰባት ሴቶች በሶ ያዘጋጃሉ። ገብሱን የሚፈትጉት፣ የሚቆሉትና የሚያበጥሩት በወንፈል ነው። አንድ ቀን ሰባቱም አንዷ ቤት ተሰብስበው የእሷን ገብስ ይሠራሉ፣ በሌላ ቀን የሌላዋን፤ ተራው እንዲህ እያለ ይዞራል። የዕለቱ ባለተራ ምሳ ታበላለች፣ ሌሎቹም «እሜቴ» እያሉ ሲያሾፉባት ይውላሉ። በሶው ግን የየራሳቸው ነው፤ ገበያ አውጥተው የሚሸጡትም ለየራሳቸው ነው። ይህን ማብራራቴ ባለሙያዎችዎ ስላልጠየቁ እንጂ እርስዎ አያውቁም ብዬ አይደለም።

አንደኛ፤ ባለሙያዎችዎ የደረሱት አዲሱ ዙር ከሰባቱ አንዷ በሆነችው በአዛለች ቤት በተጀመረበት ቀን ነበር። «የሥራው ባለቤት ማን ናት?» ብለው ጠየቁ። ሴቶቹም በአንድ ድምፅ «አዛለች ናት» አሉ። የዋሸ የለም፤ የዕለቱ ገብስም ቤቱም የእሷ ነው። በቀጣዩ ተራ ቢመጡ ኖሮ ባለቤቷ አመተ ሥላሴ ትሆን ነበር። ተራውን ጠብቀው በየቤቱ ቢዞሩማ፣ እያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ሠራተኛ የሚያስተዳድሩ ሰባት ባለሀብቶች አግኝተው ይመለሱ ነበር፤ ለዓመታዊው ሪፖርት ይህ ዕድል በማምለጡ አዝናለሁ። እንግዶቹ ግን ሳይመሽ ደብረ ታቦር መግባት ነበረባቸውና ፎቶ አንሥተው ሄዱ። ወዲያው አጨዳ ስለ ደረሰ ወንፈሉም ለጊዜው ቆመ።

በአጨዳው መካከል ፎቶው በማኅበሩ የፌስቡክ ገጽ ላይ ወጣ። አዛለች መሐል ቆማለች፣ ስድስቱ ሰፌድና ዘነዘና ይዘው ከበዋታል፤ ከሥሩ «ከራሷ አልፋ ለስድስት እህቶቿ ቋሚ የሥራ ዕድል የፈጠረች ሞዴል ሥራ ፈጣሪ» ይላል። አመተ ሥላሴ በልጇ ስልክ አይታው «አይ እኔ ሞኟ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ደመወዝ ሳልጠይቅ» ብላ ሳቀች። የሳቀችው ግን ያን ዕለት ብቻ ነው። ለስድስት ሴቶች፣ ሳያመለክቱ፣ ቀጣሪ ስለ ፈለጋችሁላቸው ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ሁለተኛ፤ ሥልጠናው። አሠልጣኙ ጨዋ ልጅ ነው፤ «እናቶቼ» እያለ ነው ያስተማራቸው። ተወዳዳሪያችሁን ለዩ ቢላቸው «የለንም» አሉት። ተወዳዳሪ የሌለው ነጋዴ የለም ብሎ ሲያጠብቅባቸው፣ አዛለች «እኛስ የምንጣላው ከነቀዝ ጋር ነው» አለችው። ነቀዝ በሥልጠናው ውስጥ ስላልተካተተ መልሷ ተቀባይነት አላገኘም። በመጨረሻም እንግዳ ማሳፈር ነውር ነውና፣ ጎን ለጎን እንደ ተቀመጡ አንዷ የሌላዋን ስም ሰጠች። አሠልጣኙ ግንዛቤያቸው መዳበሩን መስክሮ የምስክር ወረቀት አደላቸው። እኔ በማስተማር ዘመኔ ሁሉ ሰባት ጎረቤታሞችን ከምሳ በፊት ተቀናቃኝ የማድረግ ዘዴ አላገኘሁምና ለሙያው ያለኝን አድናቆት ይግለጹልኝ።

ሦስተኛ፤ ማሽኑ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የገብስ መቁያ ነው፤ ጥሩ ዕቃ መሆኑንም ያለ ቅኔ እመሰክራለሁ፤ በምድጃ ጭስ ዓይናቸው ለሚያለቅስ ሴቶች ትልቅ ነገር ነው። የተሰጠው ግን በአዛለች ስም ብቻ ነው፤ ከእሷ በቀር ማንም የራሱን ገብስ እንዳይቆላበትም በውሉ ሰፍሯል። የሰባታችንም ስም ይግባ ብላ ስታመለክት አብሬያት ሄድሁ። የማኅበርዎ ቅርንጫፍ የምንደግፈው ግለሰብን ነው፣ ለጋራ ከሆነ ሌላ መሥሪያ ቤት ጠይቁ አለን። ሌላው መሥሪያ ቤት ደግሞ ዕቃው የግለሰብ ነው፣ ወደ ሰጧችሁ ተመለሱ አለን። በጡረታ ላይ ላለ ሰው የእግር መንገድ ጤና ነው፤ ስለዚህም ውለታችሁን አልረሳም።

አራተኛውን ቁጥር ባልሰጠው እመርጥ ነበር።

ወንፈል ብድር ነው። ዙሩ በአዛለች ስለ ተጀመረ የስድስቱም ጉልበት በእሷ ላይ አለ። አጨዳው እንዳለቀ ሰፌዷን ይዛ በማለዳ አመተ ሥላሴ ቤት ሄደች። ሁለቱ አበልጆች ናቸው፤ የአመተ ሥላሴን ልጅ ክርስትና ያነሣች አዛለች ናት። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚጠራሩትም «አንቺ» ተባብለው ነው። አመተ ሥላሴ ከደጅ ተቀበለቻትና ሰፌዱን ከእጇ ወስዳ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። በርጩማ አምጥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «ይቀመጡ እሜቴ። እርስዎ ሠራተኛዎ ቤት መጥተው ሲወቅጡ ሰው ቢያይ ምን ይለናል?» አለቻት። ሌሎቹ ዘነዘናቸውን አላቆሙም፣ ቀናም አላሉም። በዚህ ጊዜ «እሜቴ» ሲባል የሳቀ አልነበረም። አዛለች የቀረበላትን እንደ እንግዳ ቀምሳ፣ ሰፌዷን ከግድግዳው አውርዳ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ የሁሉንም ደጅ ሞክራለች፤ በሁሉም ቤት የጠበቃት በርጩማ ነው። በሶ የሚፈለግበት ዐቢይ ጾም እየቀረበ ነው፤ ብድሯን ያልመለሰች ሴት በሚቀጥለው ዙር ተራ የላትም። ማሽኑንም አልነካችውም። «ብቻዬን ከቆላሁበት ያሉት እውነት ሆነ ማለት ነው» ትላለች። በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ዶሮ ታቅፋበታለች። ከጥምቀት በኋላ የአፈጻጸም ግምገማ ስለምታደርጉ፣ በማሽኑ በመደበኛነት የምትገለገለው ዶሮዋ ብቻ መሆኗን ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ልመናዬ አጭር ነው። ማሽኑን ወይ ለሰባቱም አድርጉት ወይ ውሰዱት። ከዚያ በፊት ግን ፎቶው በወጣበት በዚያው ገጽ ላይ «እነዚህ ሴቶች የሚሠሩት በወንፈል ነው፤ ቀጣሪም ተቀጣሪም የላቸውም፤ የተሳሳትነው እኛ ነን» ብላችሁ ጻፉልን። ለጽሑፉ እርማት ካስፈለገ በነጻ አርማለሁ።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለማኅበርዎ አንድ ቀን ቆይቶ የሚያድር ባለሙያን እየተመኘሁ፣ ዘወትር አክባሪዎ እና ስለ ድጋፋችሁ ገና ያልተጽናናሁ፣

መምህር ቀለመወርቅ አወቀ
ላይ ጋይንት

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለአዛለች አነበብሁላት። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ አታምርርባቸው ብላ ጥቂት ቃላት አስወጥታኛለች፤ ስለዚህ የሚያነቡት የለዘበውን ነው። ለግምገማው ስትመጡም አትጨነቁ ብላለች። ያንን በርጩማ ከአበልጇ ቤት ተውሳ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ታስቀምጣችኋለች።