የአባትህ ዘበኞች

ለልጄ ለአፒሳይ፣ ካለህበት ይድረስህ። የብሪዝበን ብርድ ለቀቀህ? እዚህ ላውቶካ እኛ ቤት ሳቅ አልጠፋም፣ ተመስገን።

የአባትህ ቁስል ጠግጓል። ዶክተር ሮሺኒ ካንሰሩን ከአንጀቱ ቆርጣ ካወጣች በኋላ፣ "ሆድ ሲከፈት በሽታ የሚከላከሉት የሰውነት ዘበኞች ለጥቂት ሳምንታት ያንቀላፋሉ፤ ጉንፋን እንዳይዘው" ብላን ነበር። መቼም ታውቀዋለህ፣ "ሠላሳ ዓመት የስኳር ፋብሪካ በር ስጠብቅ ዓይኔን አልከደንኩም፤ የገዛ ሆዴ ዘበኞች ይተኙብኝ?" ብሎ ተቆጣ። አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጦ እንግዳ ይፈትሻል። አጎትህን ኢሊኤሳን እንኳ፣ "አንተ ሰውዬ፣ አፍንጫህ ቀልቷል፣ ተመለስ!" ብሎ አብረው ሊጠጡት ያመጣውን ካቫ እንደያዘ መለሰው።

ትናንት ለምርመራ ስንሄድ ዶክተሯን፣ "እነሱ ሲያንቀላፉ ሌባው ግቢ ውስጥ ቀርቶ ቢሆንስ?" አላት። እኔና እሱ ሳቅን። እሷ ግን ሳትስቅ ወረቀቷን ታገላብጥ ነበር።

አባትህ፣ "እሱን ሳልፈትሽ አስገባዋለሁ በይው" ብሎሃል። ለገና እመጣለሁ በማለትህ ደስ ብሎናል። የጓሯችን ማንጎ ግን ዘንድሮ ቸኩሏል፤ ገናን የሚጠብቅ አይመስለኝም፤ ቀደም ብለህ ብትመጣ ይሻላል።

ዓይንህን ለማየት የምትጓጓ እናትህ፣
ሜሬዋይ