በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ስለተጠየቀች አንዲት መስኮት

ለተከበሩ የቤት ግንባታና እድሳት ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎስ ደህና ነው? ፈጣሪ ጤናውን ያብዛልዎ፤ የሚውሉበትንም ክፍል ብርሃን አያሳጣብዎ። እኔ በቸርነቱ አለሁ።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት ዓመት ከአምስት ወር ለሰው ሳልናገር የያዝሁትን ጥፋቴን ላስቀድም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ስለ መስኮቷ በጠየቀችኝ ቁጥር «ቢሮው ገና አልመለሰልንም» እላት ነበር። ይህ ለስምንት ወር እውነት ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ወራት ግን ዋሽቻታለሁ። የቀረው ነገር ጎረቤት የሚፈርምበት አንድ ቅጽ ብቻ ነበር፤ ቅጹንም እኔው በጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አጥፌ አስቀምጬው ነበር። ጠዋትና ማታ መጽሐፉን ስገልጥ አየዋለሁ፤ አልፌው እጸልያለሁ።

መስኮቷ የተፈለገችበት ምክንያት ይህ ነው። ባለቤቴ ወገቧ ከታመመና አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ ፊቷ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ነበር፤ በሌላ ጎኗ መተኛት አትችልም። ያ ግድግዳ ደግሞ ድፍን ብሎኬት ነው። «ፀሐይዋ ከዚህ ጀርባ ነው የምትወጣው፤ በብሎኬት ተጋርደን ጎረቤት ሆነን ቀረን» ትለኝ ነበር። መስኮቷ ትንሽ ብትሆንም ግድ የላትም፤ እኔ አንገቴን አውጥቼ የሰው ግቢ እንዳልቆጣጠርባት ብቻ ትሻ ነበር። ሲያማትም መቀለድ አትተውም።

እንግዲህ በበራችሁ ላይ የለጠፋችሁትን፣ ለቤት ሠሪዎችና አዳሾች ያወጣችሁትን ምክር ደጋግሜ ስላነበብሁት፣ የጠቀመኝን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. «ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ንድፍ ያዘጋጁ» ስላላችሁ አመሰግናለሁ። በባለ አራት ማዕዘን ደብተር ላይ አዘጋጀሁ። በእርሳስ ስለሆነ ተመለሰ። በሰማያዊ እስክሪብቶ አመጣሁ፤ ጥቁር መሆን ነበረበት። በጥቁር ሳመጣ ሰሜን የት እንደሆነ አላመለከትህም ተባልሁ። ባለቤቴ የምትፈልገው ምሥራቅን ብቻ ስለነበር ሰሜንን ረስቼው ኖሯል፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪ኛ. ቤቱ በባለቤቴ ስም በመሆኑ ባለንብረቷ በአካል ትቅረብ ስላላችሁ አመሰግናለሁ። መነሣት እንደማትችል ለጸሐፊዋ ሳስረዳ፣ «አባባ፣ ካላየኋት መኖሯን በምን አውቃለሁ?» አለችኝ፤ ልጅቷ አልተሳሳተችም። በወንበር አሸክሜ አመጣኋት። ጸሐፊዋ ስብሰባ ገብታ ስለነበር ባለቤቴ በኮሪደራችሁ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች፤ ከፊቷም ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርሱ አምስት መስኮቶቻችሁ ነበሩ። ሕመሙ ፊቷን እያኮማተረው ፀሐይ ሞቀች። ስንመለስ «ሰዎቹስ አይከፉም፤ እነሱ ስላላቸው ነው የሌለው ሰው የማይታያቸው» አለችኝ። ያን ቀን ስላሞቃችኋት ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ አላገኛትም።

፫ኛ. «መሠረቱ ካልተስተካከለ ከላይ ያለው ሁሉ ይናጋል» ብላችሁ መክራችኋል። ጠፋ የተባለው ፋይላችን ከሦስት ወር በኋላ የተገኘው ከመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ አጭር እግር ሥር ታጥፎ ነው። ምክራችሁን ራሳችሁ በሥራ ላይ ስታውሉ በማየቴ፣ የእኛም ወረቀት ለአንድ ነገር መደገፊያ በመሆኑ ተጽናንቻለሁ።

፬ኛ. «የጣሪያዎ ውሃ ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይወርድ ይጠንቀቁ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ክቡር ሆይ፣ ምላሴ ያጥራል። ከምሥራቁ ግድግዳ ማዶ ያለው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። የእኔ አሸንዳ ወደ እሱ ያዘነበለ ስለነበር ክረምት በመጣ ቁጥር የመስፊያ ክፍሉን ያረጥብበት፣ የሰው ጨርቅ ያሻግትበት ነበር። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ዝናቡን ፈጣሪ ለሁላችን እኩል ነው የሚያዘንበው፤ እርስዎ ግን የራስዎንም ድርሻ ወደ እኔ ልከውታል» አለኝ። መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች ሳቁ። እውነቱን ነበር፤ እኔ ግን ሳቁን እንጂ እውነቱን አልሰማሁም። አሸንዳውንም አላነሣሁ፣ ሰላምታም ነሣሁት።

ስለዚህ በስምንተኛው ወር «ከጎረቤትዎ ያስፈርሙ፤ ሌላ የቀረ ነገር የለም» ብላችሁ ቅጹን ስትሰጡኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያልረገጥሁት ደጅ ታየኝ። ዛሬ ነገ አልሁ። ባለቤቴ «መለሱልህ?» ስትለኝ እናንተን አማሁላት። የእናንተ ስም ለሐሜት እንዴት እንደሚመች እርስዎም አያጡትም፤ ማንም ሳይጠራጠር ያምናል፤ እሷም አመነችኝ። አንድ ቀን ጠዋት ፊቷ ወደ ብሎኬቱ እንደሆነ አረፈች።

ልብስ ሰፊው ለቀብር መጥቷል፤ ድንኳን ውስጥም ሦስት ቀን ከኋላ ተቀምጧል። አይቼ እንዳላየ ሆንሁ።

፭ኛ. ከቀብሩ በአርባኛው ቀን በስሟ የጻፋችሁላት ደብዳቤ ደርሶናል። «ጉዳይዎን ባለመከታተልዎ ፋይልዎ ሊዘጋ ስለሆነ በአካል ይቅረቡ» ይላል። እኔ ተስፋ ከቆረጥሁ በኋላ እንኳ እናንተ መምጣቷን መጠበቃችሁ አስለቅሶኛል። መልስ ያልሰጠሁት በንቀት አይደለም፤ ማንበቢያ መነጽሯን ከደብዳቤው አጠገብ አድርጌ ለራሷ ስለተውሁላት ነው።

ዓመቱን ሙሉ እናንተን ስከስስ ኖሬያለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ቢሮው ነው የገደላት» እል ነበር። ስጸልይ ግን ቅጹ ከገጹ መካከል ወድቆ ጉልበቴ ላይ ያርፋል። እናንተ የስምንት ወሩን ትመልሳላችሁ፤ የአምስት ወሩን የሚመልስልኝ የለም።

ባለፈው ሰኞ መሰላል አቁሜ አሸንዳውን ፈታሁት። ውሃ በተሞላ ቱቦ ልኩን ወስጄ ወደ ራሴ ግቢ አዘነበልሁት፤ መውረጃውንም ቆፈርሁ። ማክሰኞ ቅጹን ይዤ የልብስ ሰፊውን በር አንኳኳሁ። ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ወጣ። ቅጹ ላይ ያለውን ቀን አይቶ ቀና ብሎ አየኝ፤ ሁሉንም ነገርሁት። «ጋሼ፣ አሁን መስኮቱ ለማን ነው?» አለኝ። መልሴንም ሳይጠብቅ የመስፊያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ፈረመልኝ። ግድግዳው ዛሬም እርጥብ ስለሆነ ወረቀቱን ትንሽ ርጥበት ነክቶታል፤ ላለመቀበል ምክንያት እንዳይሆንባችሁ አደራ።

ዘመንዎ የተባረከ፣ ማኅተምዎ የማይደርቅ፣ ጠረጴዛዎም የማይነቃነቅ ይሁን እያልሁ፣

የባለንብረቷ ባል ነበርሁ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፈቃዳችሁን አልጠበቅሁም። ሐሙስ ጠዋት አንድ ግንበኛ ከላይ ያለውን ብሎኬት የሚሸከም ድጋፍ አስገባ፤ የቀረውን እኔ በመሮና በመዶሻ ከውስጥ ስፈለፍል፣ ልብስ ሰፊው በእሱ በኩል ሆኖ የሚወድቀውን በእጁ ተቀበለኝ። ተቆጣጣሪ የምትልኩ ከሆነ በጠዋት ይምጣ፤ ንድፍ አያስፈልገውም፣ ሰሜንንም አይፈልግ። ብርሃኑ የሚያርፍበት ባዶ ትራስ አለ፤ በዚያ ያገኛታል። የመጨረሻው ብሎኬት ሲወጣ «መለሱልን» አልኋት።