አማካሪዬ መንሽ ያዙ

ኅዳር 12 ቀን 1976፣ ብቸና

ዛሬ ዘጠኝ ቅጽ። በጠቅላላው ስልሳ አንድ። ገበሬው ምን ያህል ጤፍ እንደሚያገኝ የምጠይቅበት ጥናት፣ የማስተርስ ጽሑፌ፣ መልክ እየያዘ ነው። ደብተሬ፣ ልኩራ? ልኩራ። ቅጂውን ለአማካሪዬ ለዶ/ር ተፈራ በፖስታ ላክሁ። የፊተኛው አማካሪዬ ውጭ አገር ሄደው ሲቀሩ ሦስት መምህራን ጊዜ የለንም አሉኝ። ዶ/ር ተፈራ ብቻ ሁለት ገጽ ጽፈሽ አምጪ አሉ። በእርሳስ ጥያቄ ሞልተው መለሱልኝ። ያን ቀን አልቅሻለሁ። አሁን ማን እንደሳቸው!

ኅዳር 27

መልስ መጣ። ሁለት መስመር። ስልሳ አንድ ቤት እንዴት እኩል አመረተ? የት ሆነሽ ጠየቅሽ፣ ማንስ አጠገብሽ ነበር?

ተናደድሁ። ከዚያ አፈርሁ። የጠየቅሁት ገ/ማኅበሩ ጽ/ቤት ውስጥ ነው። ወንበር ስላለ፣ ጥላ ስላለ። ለመንግሥት የሚገባውን የእህል ኮታ የሚመድበው ሊ/መንበር አጠገቤ ተቀምጦ። ገበሬው ታዲያ ምን ይበል? የሁለት ወር ሥራ ውኃ በላው።

ታኅሣሥ 3

ዶ/ር በአውቶቡስ መጡ፣ አቧራ ለብሰው። ቁጣ ጠበቅሁ፤ የለም። ቅጾቹን አትቅደጂ፣ እንዴት እንደተሳሳትሽ ጻፊው አሉ። የዐሥር ቀን ፈቃድ ወስደዋል። ነገ ወደ ሞጣ። እንደገና መጀመር ደከመኝ። በግንቦት ካላስረከብሁ ዘንድሮ ምረቃ የለም።

ታኅሣሥ 6፣ ሞጣ

አያ ደመቀ የሚባሉ ሽማግሌ አውድማ ላይ ዋልን። በሬዎቹ ያበራያሉ። ስንት ኩንታል ይወጣዋል አልሁ። አያ ደመቀ ፊታቸውን አዞሩ። ለካ እህሉ ጎተራ ሳይገባ መጠኑ አይጠየቅም፤ በረከቱ ይነሣል። የደሴ ከተማ ልጅ፣ ከየት ልወቀው። ዶ/ር ጫማቸውን አውልቀው መንሽ አነሡ። ለእኔም አንድ አቀበሉኝ። እጄ ውኃ ቋጠረ። አንድም ቃል አልጻፍንም። ደስ ብሎኛል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ታኅሣሥ 11

አያ ደመቀ ያረፍንበት ቤት ድረስ መጡ። «እንግዲህ ገብቷል፤ አሁን ጻፊው ልጄ» አሉኝ። የነገሩኝ መጠን የብቸናው ቅጽ ላይ ካለው እጥፍ ይበልጣል። ጎረቤቶቻቸውንም አመጡልኝ። ሃያ ሁለት ቤት፣ ስም ከነመጠኑ።

ታኅሣሥ 13፣ ጧት

ከአስተዳደር ጽ/ቤት ወረቀት። የጥናቱን ዝርዝር፣ ስም ከነመጠኑ፣ ነገ 3 ሰዓት ይዘሽ ቅረቢ። ለኮታ መሆኑን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ወደ መናኸሪያ ሮጥሁ። የዶ/ር አውቶቡስ ሊነሣ ነው። ምን ላድርግ አልኋቸው። እሳቸውም በወጣትነታቸው እንዲህ ያለ ዝርዝር ሰጥተው ነበር። ያን መንደር እስከ ዛሬ ዞረው ነው የሚያልፉት። አንቺ የራስሽን ወስኚ፤ ዲግሪውን አስገኝልሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም፣ ፈታኞቹ ፊት ግን አብሬሽ እቆማለሁ አሉ። ሄዱ።

8 ሰዓት

ዝርዝሩን ምድጃ ውስጥ ከተትሁት። የድምሩን ቁጥር ብቻ በቃሌ ይዣለሁ። ፈታኞቹ ላያምኑኝ ይችላሉ። ግንቦትም ሊያልፈኝ ይችላል። ነገ ባዶ እጄን ቀርቤ የማንንም ስም አልያዝሁም እላለሁ። እፈራለሁ፣ በጣም።

ይህን ስጽፍ ግን አየሁ። አንቺም ላይ የአያ ደመቀ ስም አለ። እሳቱ ገና አልጠፋም። ይቅር በይኝ፣ ደብተሬ፣ አንቺንም