በአንድ ካርድ ስለሚያድሩ ሁለት ቤቶች

ለተከበሩ የግብር ክፍል ኃላፊ
አሰብ
ሰኔ 1987 ዓ.ም.

የተከበሩ ጌታዬ፣ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ የቢሮዎ ማራገቢያ ቬንቲላተር ደህና መሰንበቱን ሳልጠይቅ ባልፍም ክብርዎን ያጓደልኩ ይመስለኛል። እኛ የካምቦ ሱዳን ሰፈር ሰዎች፣ ለራሳችን ባይሆን እንኳ ለእርስዎ ሲባል ሙቀቱ ጋብ እንዲል መመኘታችንን አላቋረጥንም።

እቴናት ሰርጸድንግል እባላለሁ። ባለቤቴ ሀብቴ የወደብ ጫኝና አውራጅ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ስሚንቶ ሲያወርድ መርከቡ ውስጥ በሙቀት ተዝለፍልፎ ወደቀና፣ ሐኪሙ ከቀትር በኋላ እንዳይሠራ ከለከለው። ለግማሽ ቀን ሠራተኛ ደግሞ የሥራ ካርድ አይሰጥም። ስለዚህ ያን ጊዜ ሥራ ፈትቶ የነበረው፣ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን ኑህ የከሰዓቱን ፈረቃ ያዘለት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ በስድስት ሰዓት ወደቡ በር ላይ ካርዱንና ጓንቱን ይቀባበላሉ፤ የወሩንም ደመወዝ እኩል ይካፈላሉ። አለቃቸው ያውቃል፣ ዘበኛውም ያውቃል። ያላወቀው አዲሱ የግብር አዋጅ ብቻ ነው።

እንግዲህ ከምስጋና ጋር የማቀርባቸው ጥቂት አቤቱታዎች አሉኝ።

፩. አዋጁ አነስተኛ ደመወዝተኛን ከግብር ነፃ ማድረጉን ሰምተን እሰይ ብለን ሳንጨርስ፣ የሁለት ቤት እንጀራ በአንድ ስም ተደምሮ ባለቤቴ ከከፍተኛ ተከፋዮች ተርታ ተመደበ። ለሰጡት ማዕረግ እግዜር ይስጥልኝ። ቀደም ብለው ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ የልጆቼን ወተት ባልቀነስኩ ነበር።

፪. ይህን ለማስረዳት ባለካርዱ ራሱ ይምጣ ተባልን። ሀብቴ ከሥራ የሚወጣው በስድስት ሰዓት ነው፤ የእርስዎም በር በበጋው ሙቀት ምክንያት የሚዘጋው በስድስት ሰዓት ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ የሌለው ኑህ ቢመጣ ስምህ ካርዱ ላይ የለም ተባለ። እኔ ብመጣ ሚስት ባለካርድ አይደለችም ተባልኩ። የሐኪሙንም ወረቀት ባሳይ ጸሐፊዎ በትሕትና መልሶ ሰጠኝ፤ ለግብር ጉዳይ የጤና ማስረጃ አይያዝም አለኝ። ሦስታችንንም አንድ ዓይነት ስለሸኙን ማዳላት የማያውቁ ሰው መሆንዎን መስክሬያለሁ።

፫. በመጨረሻ የደረሰን ደብዳቤዎ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በካርዱ ባለስሙ ብቻ ሙሉ ቀን እንዲሠራበት፣ ያለዚያ እንዲነጠቅ ያዛል። ኑህ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበበ። ባለቤቱ ፈይዛ አራት ልጆቿን ይዛ ራሔይታ መንደር ወደ ወላጆቿ ልትሄድ ዕቃዋን እየሸከፈች ነው፤ ልጆቹ ፈተና ሳይጨርሱ። ድምፁ በግድግዳው ያልፋል። ሣጥኑ በተጎተተ ቁጥር እኔም ከተቀመጥኩበት እነሳለሁ።

ጌታዬ፣ ፌዙን ልተወውና እውነቱን ልንገርዎ፤ ፈርቻለሁ። ሀብቴ ትናንት ሁለተኛ የውኃ ጀሪካን ገዝቶ ገባ፤ ሙሉ ቀን ሊሠራ ቆርጧል ማለት ነው። ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ወደቡ በር ድረስ ሄጄ ያለ ጉዳይ ተመለስኩ። የምንለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። በዚያ ካርድ ላይ ሁለት ስም ይጻፍልን፤ ግብሩም በየድርሻችን ይታሰብልን። አንድ መስመር ቀለም ቢያወጡልን ሁለት ቤት ባለበት ይቆያል።

ውድ ጊዜዎን፣ ያውም ከስድስት ሰዓት በፊት ያለውን፣ በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ ጥላዎም እንዳይጎድልብዎ ከልብ የምመኝ፣ በአዋጅ የከበርኩ አገልጋይዎ፣

እቴናት ሰርጸድንግል

ማሳሰቢያ፦ በርዎ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ በአሰብ በጋ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ መሥራት ለጤና አደገኛ ስለሆነ ቢሮው እንደሚዘጋ ይገልጻል፤ የእርስዎ ፊርማና ማኅተምም አለበት። የሐኪሙ ወረቀት ተቀባይነት ስላጣ፣ ይህንኑ ማስታወቂያ ከበሩ ነቅዬ የሀብቴ የሕክምና ማስረጃ እንዲሆን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ።