ከመንገዱ ወዲህ ያለው ፀጉር ቤት፦ የጋሼ መቀስ የሕይወት ታሪክ

ሰው ሁሉ ጋሼ መቀስ እያለ የሚጠራቸው፣ ዛሬ የምንሸኛቸው አባት፣ ከጭነት መኪና ሹፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ ተወለዱ። በሦስተኛው ዓመት ታናሽ ወንድማቸው፣ በኋላ ጋሼ ምላጭ የተባሉት፣ ተከተሉ። እናታቸው ለሁለቱ ልጆች ከአንድ ጨርቅ በአንድ ልክ ይሰፉ ስለነበር ሱሪው ለታላቁ ሁልጊዜ ያጥራል፣ ለታናሹ ሁልጊዜ ይረዝማል። ጎረቤት ሲስቅባቸው እናትየው “መሐሉን ለሚያይ ሰው ልክ ነው” ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በሒሳብ ጎበዝ፣ ዝም በማለት ግን ደካማ ነበሩ። ስምንተኛ ክፍል ሳሉ በእረፍት ሰዓት የአንድ ጓደኛቸውን ፀጉር በእናታቸው የልብስ መቀስ መቁረጥ ጀመሩ፤ ደወል ተደወለና ልጁ ግማሽ ራሱን ተከርክሞ፣ ግማሹን እንደጎፈረ ጂኦግራፊ ተማረ። ከትምህርት በኋላ ቀሪውን የጨረሱለት ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። የሁለቱም ሥራ የተጀመረው በዚያ ራስ ላይ ነው።

በ1960 ዓ.ም. ከአንድ አዛውንት ፀጉር አስተካካይ ዘንድ በረዳትነት ተቀጠሩ። አዛውንቱ ወሬ የማይወዱ ሰው ነበሩና “እጅህ ያኖርሃል፤ አፍህ ግን ደንበኛ ያባርርብሃል” ብለው አስጠነቀቋቸው። እጃቸውን በተመለከተ አልተሳሳቱም።

በ1968 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት የራሳቸውን ፀጉር ቤት ከወንድማቸው ጋር ከፈቱ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ አንድ መስታወት፣ ከፊቱም ሁለት ወንበሮች ነበሩ። በመጀመሪያው ወንበር ጋሼ መቀስ ፀጉር ይቆርጣሉ፤ በሁለተኛው ጋሼ ምላጭ ጢም ይላጫሉ። ወሬውም እንደ ሥራው ነበር። ጋሼ መቀስ ፀጉር እየቆረጡ ታሪኩን ይጀምሩና ልክ ሲጥም ፎጣውን አራግፈው ደንበኛውን ወደ ሁለተኛው ወንበር ይሸኙታል። መጨረሻው ያለው እዚያ ነው። በዚህ ምክንያት ገና ጢም ያላበቀለ ወጣት ሁሉ የወሬውን መጨረሻ ለመስማት ሲል እየተላጨ ይሄድ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. የሆስፒታል ስልክ ኦፕሬተር ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። የተዋወቁት የታመመ ደንበኛ ሊጠይቁ ደውለው ኦፕሬተሯ ከማዋለጃ ክፍል ጋር ስላገናኟቸው ነው። በማግስቱ ሲደውሉ እንደገና ማዋለጃ ክፍል አገናኟቸው። ሁለተኛው ሆን ተብሎ ይሁን አይሁን ባለቤታቸው እስከ ዛሬ አላመኑም፣ አልካዱምም። በ1986 ሴት ልጃቸውን፣ በ1989 ወንድ ልጃቸውን ወለዱ።

በዚያ ቤት እራት ላይ ቴሌቪዥን አይከፈትም ነበር። እያንዳንዱ ሰው ከውሎው የሚያስቅ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ያላመጣ ሳህን ያጥባል። ወንድ ልጃቸው በእርሳስ ማስቀመጫው ፋንታ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ይዞ ትምህርት ቤት ሄዶ፣ ቀኑን ሙሉ ወደ አስተማሪው እያነጣጠረ ድምፅ ሲቀንስ የዋለው እዚያ ገበታ ላይ ተነግሯል። ሴት ልጃቸው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አልሄድ ያለ እንግዳ ሰልችቷት ጫማውን አምጥታ እግሩ ላይ አጥልቃ ማሰሪያውን ያሰረችለትም እንዲሁ።

ጋሼ መቀስ ቀልዱ ሁሉ ወደ ሱቅ እንደሚሄድ ስለሚያውቁ አንድ ሕግ አወጡ፦ መሳቂያ የሆነው ሰው ራሱ ካልሳቀ ወሬው ከበር አይወጣም። ሴት ልጃቸው በጫማው ታሪክ ለመሳቅ ሁለት ሳምንት ወስዳለች፤ እሳቸውም ሁለቱን ሳምንት ምላሳቸውን ይዘው ጠብቀዋል። ለኚህ ሰው ይህ ከጾም የሚከብድ ነበር። ከዚህ ሕግ በላይ የሚመኩበት ነገር አልነበራቸውም። ሌላው ቤት ገመናውን ይደብቃል፣ እኛ እናስፈቅዳለን ይሉ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ለጥቂት ሳምንታት ከሥራ ቀሩ። ወንድማቸው በየቀኑ ብርቱካን ይዘው እየመጡ ከአልጋው ጠርዝ ይቀመጡ ነበር። ስለ ሱቁ ሲጠየቁም “ሁሉም እንደነበረ ነው፤ አንተ ብቻ ዳን” ይሏቸዋል። ጋሼ መቀስ ድነው ወደ ሥራ ሲመለሱ ሁለተኛው ወንበር የለም። መስታወቱም በባለሙያ መሐል ለመሐል ተቆርጦ ግማሹ ተወስዷል። የቀረው ግማሽ እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙ በጥንቃቄ ተሞርዶ ለስልሷል። ቀና ሲሉ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሌላው ግማሽ በአዲስ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የራሳቸውን በር ያሳያቸው ነበር።

ታናሽ ወንድም ሱቅ መክፈቱ ነውር አይደለም። ለጋሼ መቀስ የእግር እሳት የሆነባቸው ብርቱካኑ ነው። መንገዱን ተሻግረው ለምን ብለው አልጠየቁም፤ ወንድማቸውም መጥተው አልተናገሩም። ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ከመንገዱ ወዲህ መጀመሪያ ብቻ ያለው ወሬ ቀረ። ደንበኞች ፀጉራቸውን ተቆርጠው መጨረሻውን ፍለጋ ማዶ ይሻገሩ ጀመር፤ ብዙዎቹም በዚያው ቀሩ።

ከዚያ የባሰው ቀስ ብሎ መጣ። ባለቤታቸው አንድ ጠዋት ገና እንቅልፍ ሳይለቃቸው የቤቱን ስልክ አንስተው “ሆስፒታል ነው፤ ማንን ላገናኝ?” አሉ። ደዋይዋ አማታቸው ነበሩ፤ እሳቸውም ሳይደናገጡ “የጉልበት ሐኪሙን” ብለው መለሱ። ይህ በእራት ተነገረ፣ ባለቤታቸውም ስቀው ፈቀዱ። ጋሼ መቀስ በማግስቱ ለመጀመሪያው ደንበኛ ሊያወሩት አፋቸውን ሲከፍቱ ሰውዬው “የጉልበት ሐኪሙን ነው? ማዶ ሰምቼዋለሁ” አላቸው። በሳምንቱ ሌላ። በወሩ ሌላ። ከራሳቸው ገበታ የሚነሣው ሳቅ መንገድ ተሻግሮ በወንድማቸው አፍ ይነገር ነበር፤ አንዳንዴም አማረበት ተብሎ ይመሰገናል።

ጆሮ ጠቢውን ለመያዝ አንድ ዘዴ ዘየዱ። ለባለቤታቸው አንድ፣ ለሴት ልጃቸው አንድ፣ ለወንድ ልጃቸው አንድ የፈጠራ ወሬ ለየብቻ ጆሯቸው ላይ ነገሩ፤ የትኛው ማዶ እንደሚወራ ሊያዩ ነው። ዘዴው ለሌላ ቤት ይሠራ ይሆናል። በዚያ ቤት ግን ጥሩ ወሬ ይዞ ዝም ያለ ሰው ተፈልጎ አይገኝም። ሦስቱም በዚያው ዕለት እራት ላይ ለሁሉም ተናገሩት፤ ሦስቱም ወሬ በማግስቱ ማዶ ተሰማ። ለዓመታት ልጆቻቸውን ተራ በተራ ጠረጠሩ። የተጠረጠረ ልጅ ያንን አይረሳም።

ሴት ልጃቸው በ2008 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ጋሼ መቀስ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያሳደጉትን ጢም ሙልጭ አድርገው ተላጭተው መጡ። ቤተሰቡ ሲደነግጥ “ለልጄ ክብር ነው” አሉ። ልጃቸውም አመነች፤ አልፎ ተርፎ ይህን ለጓደኞቿ አወራች። እውነቱ ሌላ ነበር። የሸበተውን ጢማቸውን ሊያጠቁሩ ያን ጠዋት በጫማ ቀለም ቀቡት። ቀለሙ ጢሙን አልፎ ከንፈርና ጉንጭ ያዘ። ባለቤታቸው መታጠቢያ ቤቱን ዘግተው በድስት መፋቂያ ቢፈትጓቸውም አልለቀቀም። ጢሙ የተላጨው መዳኛ ስለጠፋ ነው። ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጋሼ መቀስም ገና አልሳቁበትም።

በወሩ አንድ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ለጢም የሚበጀው የትኛው የጫማ ቀለም እንደሆነ ጠየቃቸው።

ያን ቀን እራት ላይ ባለቤታቸውን በልጆቻቸው ፊት ጠየቋቸው። ባለቤታቸው አልሸሹም። “እኔ ነኝ” አሉ። “ከሥራ ስወጣ መንገዴ በእሱ በር ነው። ብቻውን ነው የሚኖረው። ‘ዛሬ በምን ሳቃችሁ?’ ይለኛል። አንገቴን ደፍቼ ልለፈው?”

“የእሱን ብቸኝነት አይተሻል” አሏቸው ጋሼ መቀስ። “እኔ ስምንት ዓመት ልጆቼን ስጠረጥር ግን አጠገቤ ተቀምጠሽ ትበይ ነበር።”

በማግስቱ ቴሌቪዥኑ በእራት ሰዓት ተከፈተ። ቤቱ ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ዜና እያየ በላ። ልጆቹ የሚያስቅ ነገር ይዘው ቢመጡም አባታቸው ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። ሳህን ማጠብም ተራ ወጣለት። ቤቱ ያጣው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም አለ፣ የሚስቅ ግን የለም።

በ2009 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሼ መቀስ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ መንገዱን ተሻገሩ። በወንድማቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው “ላጨኝ። እየላጨህም የጢሜን ታሪክ ንገረኝ” አሉ። ወንድማቸው ሳሙናውን ቀብተው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ። ድስት መፋቂያው ላይ ሲደርሱ ጋሼ መቀስ በእጃቸው አስቆሟቸው።

“ቀለሙ ጥቁር አልነበረም፤ ቡኒ ነው። ጥቁሩ አልቆ ነበር። ስትሰርቅ እንኳ አሟልተህ ስረቅ።”

ወንድማቸው ምላጩን አስቀመጡ። “ሠላሳ ዓመት አንተ የጀመርከውን ስጨርስ ኖርኩ” አሉ። “አንድ ቀን እኔም መጀመር አማረኝ። ወጥቼ ሳየው ግን የምጀምረው የለኝም።”

“ይህን መናገር አቅቶህ ነው ብርቱካን ስታመላልስ የከረምከው?”

ከዚህ በኋላ የሆነው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ወንድማቸው “ሳቀ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ” ብለው ይምላሉ። ጋሼ መቀስ ግን እስከ መጨረሻው “ሳል ነው” ብለዋል። የተረጋገጠው በዚያ ሳምንት ቴሌቪዥኑ መዘጋቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በእራት ወሬ ይጀምሩና መሐል ላይ አቁመው ባለቤታቸውን “ቀሪውን ነገ ስታልፊ ጠይቂው” ይላሉ። ባለቤታቸው መጀመሪያውን ይዘው ይሄዳሉ፣ መጨረሻውን ይዘው ይመለሳሉ። ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ወንድማቸው እራት እንዲጠሩ ባለቤታቸው በጠየቁ ቁጥር ግን “ወሬው ይሂድ ይምጣ፤ ሰውዬው እዚያው ይቆይ” የሚል ነበር መልሳቸው። ባለቤታቸውንም ይቅር ብለዋል ወይ ሲባሉ “እያሰብኩበት ነው” ይሉ ነበር፤ ይህን እያሉ ግን ከሥራ የሚወጡበትን ሰዓት ጠብቀው ፌርማታው ድረስ ሄደው ይቀበሏቸው ነበር። ይህ ሁሉ ዛሬ እንዲነበብ ፈቃድ የተጠየቁት ባለቤታቸው “የሰው ወሬ ሳመላልስ ኖሬ የራሴን ልደብቅ?” ብለዋል።

ጋሼ መቀስ በ2015 ዓ.ም. ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ወንድማቸው በየጠዋቱ ሱቃቸውን ዘግተው ሆስፒታል እየመጡ ላጭተዋቸዋል። ጋሼ መቀስ ዓይናቸውን ጨፍነው ይላጫሉ፤ አያመሰግኑም፣ ነገ አትምጣም አይሉም። አንዳንድ ጠዋት ወንድማቸው ወሬ ይጀምሩ ነበር። በሽተኛው አቅም ካገኙ በአንድ ቃል ይጨርሱታል፤ ክፍሉ ሙሉ ታማሚ ይስቃል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ልጆቻቸውንም አስቀምጠው ስለ ጥርጣሬው ይቅርታ ጠይቀዋል። ሲጨርሱ ግን “ዘዴው መጥፎ አልነበረም፤ ቤተሰቡ ነው የማይረባው” አሉ።

ወንድማቸው ይቅር መባልን በአፍ መስማት ፈልገው ብዙ ጊዜ ለምነዋል። ጋሼ መቀስ ዝም አሉ። ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው፣ ዝም እንዳሉ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከመለየታቸው በፊት ግን ይህ ጽሑፍ እንዴት እንዲያልቅ እንደሚፈልጉ ተጠይቀው ነበር። ለባለቤታቸው “ውድ” የሚለው ቃል ይግባ አሉ። ለልጆቻቸውም እንዲሁ። የወንድማቸው ተራ ሲደርስ ግን “ወንድም ብላችሁ ጻፉ፤ እሱ እውነት ነው። ሌላውን ተዉት” አሉ። ጋሼ ምላጭ ትናንት ቤት መጥተው አንዲት ቃል ብቻ እንድትጨመርላቸው ለምነዋል። ቤተሰቡ አዝኗል፤ ግን የሟቹ ቃል ነው።

ስለዚህ ጋሼ መቀስ ውድ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ውድ ልጆቻቸውን እና ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል።

አብረን ለሳቅንበት ገበታ ሁሉ ፈጣሪን እናመሰግናለን። ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ፤ ለቀረነውም፣ ከወዲህም ከወዲያም ላለነው፣ መጽናናትን ይስጠን።