ተራራው ሐሙስ ሐሙስ አይተነፍስም

ለክቡር ፕሮፌሰር፣ የመሬት ሳይንስ የድህረ ምረቃ ፕሮግራም ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ፣ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይ ደግሞ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን የጠየቅኩት እስከ ዛሬ ወደኛ ብቅ ብለው ስለማያውቁ አሞዎት ይሆናል ብዬ ሰግቼ ነው። እኛ በአያታችን ጉያ ያለነው፣ እሳት የሚተፋውን ተራራ ማለቴ ነው፣ በስሙ አንጠራውም፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ ደህና ነን። እኔ ጊያንቲ እባላለሁ፣ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፣ ይሄን የምጽፈው ከፍርሃት የተነሳ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ይሄንን መንቀጥቀጥ ግን እባክዎ አይመዝግቡት።

አንደኛ፣ ተማሪዎን ዊቢሶኖን ስለላኩልን እናመሰግናለን። ጨዋ ልጅ ነው፣ የጠበስኩትን የአኩሪ አተር ቴምፔ ሁሉ ጨርሶ መርቆኛል። ከፍየሎቼ በረት ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ የመሬት መንቀጥቀጥ የምትለካ ሳጥን ቀበረና እንደ ልጅሽ ጠብቂልኝ ብሎ አስፈረመኝ። ልጅ የለኝም፣ ገና አላገባሁም፣ ግን ፈረምኩ። ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ ጉድጓዱ ውሃ ሞላ፣ ልጅ ደግሞ ውሃ ውስጥ አይተውም፣ ስለዚህ አውጥቼ ጠራርጌ ወጥ ቤቴ ደረቁ መሬት ላይ አስቀመጥኳትና ጆንያ አለበስኳት። አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ድርግም ሲል ተመችቷታል አልኩ። ለዊቢሶኖ አልነገርኩትም፣ ፈርሜያለሁና ፈራሁ። እሱም የሚያያት ከተማ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር ነው። ሰባት ወር ሙሉ ከእናንተ አንድ ሰው መጥቶ ጉድጓዱን ገለጥ አላደረገም፣ እንዲህ ስላመናችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ከአንድ ግንድ የተቦረቦረ ጀልባ የሚያህል ሙቀጫ አለ። ለመንደሩ በዓል ስድስት ሴቶች ሆነን ዘነዘናችንን ይዘን ባዶውን ሙቀጫ በዜማ እንመታለን፣ እናቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። ልምምዱ ሐሙስ ሐሙስ ነው፣ ከአስር እስከ አስራ አንድ ሰዓት። ሳጥኗ ያለችው ከሙቀጫው አንድ ክንድ ራቅ ብላ ነው።

እና ዊቢሶኖ አንድ ቀን ደስ ብሎት መጣ። በመንደሩ አለቃ በፓክ ሱጊሞ በረንዳ ሰበሰበንና ተራራው ሐሙስ ሐሙስ ይተነፍሳል፣ በዓለም ላይ ተሰምቶ የማያውቅ አተነፋፈስ ነው፣ ማስተርሴን የጻፍኩት በሱ ላይ ነው አለን። ጎረቤቴ እማማ ዋጊዬም፣ ከስድስታችን ዘነዘና የሚከብደው የሷ ነው፣ ጠየቀችው።

"ልጄ፣ ዓርብስ?"

"ዓርብ ያርፋል፣ እማማ።"

"ሰጋጅ ነዋ።"

አንድ ሐሙስ ብቻ ዝም ብሏል፣ ስለዚያ ዝምታ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌያለሁ አለ። ያን ሐሙስ እማማ ዋጊዬም ጥርሷን ልታስነቅል ወርዳ ነበር፣ ያለሷ አይሆንም ብለን ልምምዱን ተውነው። ከስድስታችን ማን ደፍሮ ይናገር፣ እኔ ሻይ ጨመርኩለት። እናንተም በከፍተኛ ማዕረግ አስመረቃችሁት፣ እንኳን ደስ ያላችሁ።

ሦስተኛ፣ በዚሁ ጽሑፍ ምክንያት ከወረዳ ደብዳቤ መጣ፣ ተራራው ሊፈነዳ ይችላልና አርባ አንድ ቤት መከሩን ሰብስቦ ቆላ ይውረድ፣ ቆርቆሮ ቤት ይስፈር፣ ከብት አይፈቀድም ይላል። ያኔ ደንግጬ ሦስት መኪና ቀያይሬ ቢሯችሁ ድረስ መጣሁ። የድህረ ምረቃ ጽሕፈት ቤት ያለችው እመቤት በትዕግሥት ሰማችኝ፣ በምርምር ላይ አስተያየት ለመስጠት ቅጽ አለው አለች።

"የመጀመሪያ ዲግሪሽ በምንድን ነው?"

"ሙቀጫ አለኝ" አልኳት።

ቅጹ ላይ ለሙቀጫ ቦታ የለም። ስላስተናገደችኝ አላህ ይስጣት።

አራተኛ፣ ይሄኛው ጥፋት የኔው ነው። እኔም እንደ እናንተ ልመራመር አልኩና ልምምዱን ከሐሙስ ወደ ማክሰኞ አዛወርኩት፣ ቀኑ አብሮን ሲዞር ይገባቸዋል ብዬ። ትናንት ማክሰኞ መታን። ዛሬ ጠዋት ከወረዳ ተደወለ፣ ተራራው ልማዱን ለውጧል፣ ይሄ ክፉ ምልክት ነው፣ መከር አይጠበቅም፣ ቅዳሜ ትወጣላችሁ ተባለ። አያቶቼ እሳት ዘንቦባቸው ያልለቀቁትን መንደር እኔ በዘነዘና አስለቀቅኩት።

ክቡርነትዎ፣ እስር ቤት እፈራለሁ፣ ቆርቆሮ ቤቱንም እፈራለሁ፣ ከሁሉ የምፈራው ግን ሌላ ነው። ሳጥኗ ሰባት ወር እኛን ስታዳምጥ አያታችንን ያዳመጠው የለም። እሱ የምሩን የተነፈሰ ቀን ማን ይሰማዋል? እባክዎ ቅዳሜ ሳይደርስ አንድ ሰው ይላኩልን፣ ዲግሪ ባይኖረውም ግድ የለም፣ ዓይን ይኑረው ብቻ፣ ሙቀጫውን አይቶ ሳጥኗን ወደ ጉድጓዷ ይመልሳት፣ እኔ ሁለተኛ አልነካትም። የዊቢሶኖን ዲግሪ ግን አትንጠቁት፣ ለፍቷል፣ የዝምታው ምዕራፍ ላይ ብቻ ለእማማ ዋጊዬም ጥርስ ምስጋና ይጻፍላት።

ከእግርዎ ሥር አፈር የሆንኩ፣ አፈር ደግሞ ሙያዎ ነውና አንድ ቀን ጎንበስ ብለው ያዩኛል ብዬ የምጠብቅ፣

ጊያንቲ
የሳጥኗ ሞግዚት

ማስታወሻ፦ ነገ ሐሙስ ነው። ፓክ ሱጊሞ ለሁሉም ነግሯል፣ ከአስር ሰዓት ጀምሮ የአርባ አንዱም ቤት ሴት ዘነዘናዋን ይዛ እኔ ወጥ ቤት ትመጣለች፣ በየተራ እንመታለን፣ እርስዎ እስኪመጡ አናቆምም። ኮምፒውተራችሁ ላይ መስመሩ ሲዘል ካዩ አይሩጡ፣ ተራራው አይደለም፣ በርዎን እያንኳኳን ነው።